መድን ያልገባው ስላልገባው አይደለም
“የግንዛቤ እጥረት ነው” ለሚለው ማብራሪያ የቀረበ ምላሽ

በአገራችን ቤት ሲቃጠል፣ ጎርፍ ሲገባበት ወይም ሲደረመስ ከሐዘኑ ማግስት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ መድን ነበረው ወይ? መልሱ ብዙ ጊዜ “አልነበረውም” ነው። ተከትሎ የሚመጣው ማብራሪያም የታወቀ ነው። ሕዝቡ ስለ መድን ግንዛቤ የለውም፣ ክፉ ነገርን አስቀድሞ ማሰብን እንደ ሟርት ይቆጥራል፣ “ያመጣው እሱ፣ የሚመልሰውም እሱ” ብሎ ይተወዋል ይባላል። ማብራሪያው በዐውደ ጥናት፣ በመግለጫና በቃለ መጠይቅ ሲደጋገም ከርሞ ዛሬ ክርክር የማያሻው ሐቅ መስሏል። ይህ ጽሑፍ ግን ይሞግተዋል፤ ሙግቱንም የሚያነሣው ከአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ከኮልፌ ቀራኒዮው ዘነበወርቅ ነው።

አስተያየቱ መሠረት እንዳለው መካድ አይገባም። በአገሪቱ 18 መድን ሰጪዎችና አንድ የጠለፋ መድን (የመድን ሰጪዎች መድን) ኩባንያ እያሉ የሚሰበሰበው አረቦን ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት 1 በመቶ አይሞላም። ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የተሽከርካሪ መድን ነው። መኖሪያ ቤቱን በራሱ ፈቃድ መድን የሚያስገባ ሰው ጥቂት ነው፤ ከሚገቡትም ብዙዎቹ ቤቱን በመያዣ የያዘው ባንክ ስላስገደዳቸው ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ “ስለማያውቁ ነው” ብሎ መደምደም ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው አንድን ዕቃ የማይገዛው ስላላወቀው ሊሆን ይችላል፤ አውቆት፣ መዝኖት ስላልበጀውም ሊሆን ይችላል። የግንዛቤ ማብራሪያ ሁለተኛውን ዕድል ሳይመረምር ያልፋል።

እንመርምረው። በዘነበወርቅ ተራ የሚጠብቅ የሚኒባስ ሾፌር የሦስተኛ ወገን መድን ከሌለው ቦሎ እንደማያገኝ ያውቃል። ግጭት ሲደርስ ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ መኪናው ከቦታው እንደማይነሣ፣ የፖሊስ ሪፖርትና የጋራዥ ዋጋ ማቅረቢያ እንደሚያስፈልግ፣ “ክሌሙ” ስንት ደጅ እንደሚያስጠና ለጓደኛው ያስረዳል። ተሽከርካሪን የሚመለከተው ይህ አስገዳጅ መድን በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ከታወጀ ወዲህ መድን ለከተማው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሚሊዮኖች ደርሷል። “አስቀድሞ ማሰብን እንደ ሟርት ያያል” የሚባለው ያው ሕዝብ ልታመም እችላለሁ ብሎ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል። ልዩነቱ ያለው በአከፋፈሉ ነው። የጤና መድን አባል ሲታመም መታወቂያውን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል እንጂ ኪሳራውን ቆጥሮ፣ ማስረጃ አሰባስቦ፣ ቢሮ ለቢሮ አይዞርም። ካሳው ሕክምናው ራሱ ነው።

ሦስተኛው ዕድር ነው። የዕድር አባል በየወሩ የሚከፍለው ለራሱ፣ ለወላጁ፣ ለልጁ ሞት ነው። ከሞት የከፋ ሟርት የለም፤ ሰውም ይከፍላል። እነ ስቴፋን ዴርኮን፣ ቴሳ ቦልድ፣ ዮአኪም ዴ ዌርትና አሉላ ፓንክረስት በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የቀብር ማኅበራት ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ዕድሮች የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና አስቀድሞ የተወሰነ የክፍያ መጠን እንዳላቸው፣ አንዳንዶቹም ከቀብር አልፈው ለቤት ቃጠሎና ለቤት መፍረስ እንደሚደርሱ አሳይቷል። እንግዲህ የመድን ሐሳብ ሰፈሩ ውስጥ አለ። የጎደለው ሌላ ነው።

የጎደለውን ለማየት ከሽያጩ ይልቅ የካሳ ጥያቄውን መከተል ይሻላል፤ መድን ዋጋው የሚታወቀው ያኔ ነውና። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ከዘነበወርቅ አጠገብ ያለው፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ከጥቂት ወራት በፊት ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተሞክሮ፣ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ምክንያት ተመልሶ እዚያው ረጲ ላይ ይከመር ነበር። ከአደጋው የተረፉት የቆሙት በወገን መዋጮና በከተማው አስተዳደር እርዳታ ነው። “መድን ቢኖራቸው ኖሮ” የሚለው ቁጭት ለእነሱም ይነገራል። ቁጭቱን በቁም ነገር እንውሰደውና ከቤቶቹ አንዱ የመድን ውል ነበረው እንበል። ባለቤቱ ካሳ ለመጠየቅ አራት በሮችን ማለፍ ነበረበት።

የመጀመሪያው በር “አንተ ማን ነህ?” ይላል። የዘነበወርቅ አሰፋፈር የራሱ ታሪክ አለው። ሰፈሩ ስሙን የወሰደው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት ሆነ። ከየአገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ሲከብዳቸው በዙሪያው ሰፈሩ፤ ሌላውም ኑሮ ፈላጊ ተከተለ። ከዚህ የተነሣ ካርታ ያለው ግቢ፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት የመጣ የቀበሌ ቤትና የይዞታ ወረቀት የሌለው ጨረቃ ቤት ጎን ለጎን ይገኛሉ። መድን ሰጪ ቤት ለመመዝገብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ካርታ ነው። ሕጉ ግን በመሠረቱ የሚፈልገው ጠያቂው በንብረቱ ላይ ጥቅም እንዲኖረው ነው፤ ባለቤት ብቻ ይሁን አይልም። የቀበሌ ቤት ተከራይ በቤት ዕቃው፣ በሠራው ማጠናከሪያ፣ ቤቱ ውስጥ በሚሠራበት የሽመና ወይም የጥልፍ መሣሪያ ላይ ጥቅም አለው። ይህን ጥቅም የሚለካና የሚሸጥለት ውል ግን ገበያው ላይ አይቀርብለትም።

ሁለተኛው በር “የደረሰብህ አደጋ ስሙ ምንድን ነው?” ይላል። በአገራችን የተለመደው የቤት ውል የእሳትና መብረቅ መድን ነው። ጎርፍ፣ ማዕበል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሁከት በየስማቸው ተጨምረው፣ ተጨማሪ አረቦን ካልተከፈለባቸው ውሉ ውስጥ የሉም። የቆሻሻ ክምር መናድ ደግሞ ከየትኛው ሊመደብ ነው? ነዋሪዎች በመጣያው ላይ ይካሄድ በነበረው የኃይል ማመንጫ ግንባታ አሳበቡ፤ ከባለሥልጣናት ወገን ክምሩን የሚቆፍሩ ሰዎች ተጠቀሱ። ለሐዘንተኛው ሁለቱም ያው ነው፤ ለካሳ ገማቹ ግን ምክንያቱ ሁሉን ነገር ይወስናል። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ በሌሊት ደረጃ ሲወርድ፣ የባንክ ዕዳ ስላለበት ብቻ “ቤቴ መድን አለው” ብሎ የተጽናና ሰው ውሉን ገልጦ ቢያይ መንቀጥቀጥ የሚል ቃል ላያገኝ ይችላል።

ግንዛቤ ይህን በር እንደማይከፍት የሚያሳየው የበለጸገው ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን የደቡብ ጠረፍ ስትመታ፣ በሚሲሲፒ ከብዙ ቤቶች የቀረው መሠረታቸው ብቻ ነበር። ባለቤቶቹ መድን ያውቃሉ፣ አረቦን ለዓመታት ከፍለዋል። የቤት መድናቸው ግን ነፋስን ሲሸፍን የጎርፍን ውኃ አይሸፍንም፤ ለጎርፍ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመ ሌላ የመንግሥት መርሐ ግብር አለ። ቤቱን የወሰደው ነፋሱ ነው ወይስ ነፋሱ ገፍቶ ያመጣው ባሕር? ፍርድ ቤቶች ዓመታት ፈጁበት። በአንድ የታወቀ ክርክር ባለቤቶቹ ከ130,000 ዶላር በላይ ጉዳት ጠይቀው፣ የፌዴራሉ ዳኛ በነፋስ ደረሰ ብሎ የወሰነላቸው 1,300 ዶላር እንኳ አይሞላም። የመድን ዕውቀት ሞልቶ በተረፈበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ የዘነበወርቅን ነዋሪ በዕውቀት ማነስ መውቀስ የሚያዋጣ ሙግት አይደለም።

ሦስተኛው በር “ስንት ያወጣ ነበር?” ይላል። በንግድ ሕጋችን የንብረት መድን የካሳ ውል ነው፤ ክፍያው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊያልፍ አይችልም። ከዋጋው በታች መድን የገባ ሰው ደግሞ በተመጣጣኝ ይቀነስበታል። በምሳሌ እንየው። ዛሬ 4 ሚሊዮን ብር የሚያስወጣ ቤት ውሉ ላይ የተጻፈው በ2 ሚሊዮን ነው እንበል። የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው 500,000 ነው፤ ከዚያም ላይ ባለ መድኑ ራሱ የሚሸከመው ተቀናሽ ይነሣል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከግማሽ በላይ ረክሷል፤ ብረቱና መስታወቱም ወደ ላይ ወጥቷል። ከዚያ በፊት የተጻፈና ያልታደሰ ዋጋ ያለው ውል፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ከቤቱ የዛሬ ዋጋ እጅግ ያነሰ ውል ሆኖ ሊሆን ይችላል። ስለ ግንዛቤ ከተነሣ እዚህ ላይ በእርግጥ ያስፈልጋል። ግን ይህን የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ውሉን በየዓመቱ የሚያድሰው ድርጅት ነው።

አራተኛው በር “መቼ ነገርከን? በምን ታስረዳለህ?” ይላል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ በመድን ረገድ እስከ ዛሬ የሚሠራው፣ አደጋ መድረሱን ባወቁ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅን ያዛል፤ የክስ መብቱም በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ይታገዳል። ከአደጋው ቦታ ሳይነካ ፎቶ ማንሣት፣ የፖሊስ ወይም የእሳት አደጋ ተቋሙን ሪፖርት መያዝ፣ የጠፋውን ዕቃ ከነዋጋው መዘርዘር፣ የተረፈውን ከተጨማሪ ጉዳት መጠበቅ የጠያቂው ሥራ ነው። ቆሼ ላይ የአስከሬን ፍለጋው ለቀናት ቀጥሎ ነበር። ልጁን ከክምር ሥር የሚፈልግ አባት በአምስተኛው ቀን ቅጽ ይሞላል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ ደረሰኙም ካርታውም ከቤቱ ጋር ተቀብሯል። ይህ የጊዜ ገደብ መኪናው ለተጋጨበት ሰው የተመጠነ ነው፤ ሰፈር ሲጠፋ አይሠራም።

አራቱን በሮች ያየ ሰው፣ አረቦኑን ከመክፈሉ በፊት “ሲደርስብኝ አይከፍሉኝም” የሚለውን ጎረቤት አላዋቂ ሊለው አይችልም። ግምቱ በልምድ ላይ የቆመ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል፣ ቀደም ሲልም በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ በጎርፍ ስትመታ ሕዝቡ ያየው እጁን የዘረጋ ወገንን ነው። የካሳ ቼክ ይዞ የመጣ ድርጅት ማየት ለእሱ ብርቅ ነው።

መድን ከገንዘብም በላይ የሚሰጠው ነገር እንዳለ ግን ከዚሁ ከቆሼ መረዳት ይቻላል፤ የግንዛቤ ዘመቻዎችም ይህን ሲያነሡ አይሰማም። መድን ሰጪ ካሳ ከከፈለ በኋላ በተጎጂው እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን የመክሰስ መብት አለው። ከቆሼ ቤቶች ግማሾቹ እንኳ መድን ቢኖራቸው ኖሮ፣ ክምሩ ለምን ተናደ የሚለው ጥያቄ ጠበቃና መሐንዲስ ቀጥሮ የሚከታተለው፣ የገንዘብ ጥቅም ያለው ተቋም ያገኝ ነበር። ድሃ ለብቻው ሊያነሣው የማይችለው ጥያቄ በእሱ ስም ይነሣ ነበር። የመድን አለመኖር ያሳጣው ቤት ማሠሪያ ብቻ አይደለም፤ ጠያቂንም ነው።

በዚህ ሙግት ላይ ሦስት ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። አንደኛው ዕድርን አወድሳችሁ መድንን አጣጣላችሁ የሚል ነው። አይደለም። ዕድር ካሳ ሲከፍል ፈጣን የሚሆነው ማስረጃው ሰው ስለሆነ ነው። ጡሩምባ ነፊው ጠርቷል፣ ዳኛው ቤቱን ያውቀዋል፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይገልጣል፣ በዚያው ቀን ድንኳኑ ይተከላል። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ አባላቱ ሁሉ ጎረቤታሞች ናቸው። አንድ ቤት ሲቃጠል መቶው ያዋጣል፤ መቶው ቤት በአንድ ምሽት ሲጠፋ የሚያዋጣ የለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ተራራ ሲንሸራተት የመጀመሪያዎቹን ተጎጂዎች ለማዳን የሮጡት ጎረቤቶች ራሳቸው በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ሰፈር ሰፈሩን ሊሸከም የማይችልበት አደጋ አለ፤ የመድንና የጠለፋ መድን ቦታ ያ ነው። የምከራከረው ሁለቱ እንዲገናኙ ነው።

መገናኘት እንደሚችሉም ማስረጃ አለ። በኢትዮጵያ ገጠር በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የመስክ ሙከራ፣ ዴርኮንና ባልደረቦቹ ለዕድር መሪዎች ስለ ዝናብ መድን ሥልጠና ሰጡ። ሁሉም ሠልጥነዋል፤ ለአንዳንዶቹ ግን ትምህርቱ መድኑን በማኅበር መካፈል እንደሚበጅ አጉልቶ አሳየ፤ ለሌሎቹ የግለሰቡን ጥቅም ብቻ። መድኑን በብዛት የገዙት የመጀመሪያው ወገን ዕድሮች አባላት ናቸው። የግንዛቤ ወገን ይህን ጥናት ለራሱ ሊጠቅሰው ይፈልግ ይሆናል፤ ሥልጠና ሠርቷልና። ነገር ግን ሁለቱም ወገን ሠልጥኖ ልዩነት ከመጣ፣ ልዩነቱን ያመጣው ሥልጠናው ራሱ ሊሆን አይችልም፤ መድኑ የተመሠረተበት የማኅበር ግንኙነት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የማጭበርበር ነው። ካርታና ደረሰኝ ካልተጠየቀ ሁሉም “ቤቴ ተቃጠለ” ይላል የሚል ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ግን መፍትሔው ማስረጃን መተው ሳይሆን በቦታው የሚገኘውን ማስረጃ መቀበል ነው። የመብራት ቆጣሪ ደረሰኝ፣ የወረዳ ነዋሪነት መታወቂያ፣ የዕድር መዝገብ፣ ውሉ ሲፈረም በስልክ የተነሣና በድርጅቱ ዘንድ የተቀመጠ የቤትና የዕቃ ፎቶ፣ አንድ ላይ ሲታዩ ከአንድ ካርታ ያነሰ ምስክርነት የላቸውም። ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ አዲ ሐ በ200 አባወራዎች የተጀመረው የአየር ሁኔታ መድን ገበሬውን ሰብልህን አሳይ አይለውም፤ በሳተላይት የተለካው ዝናብ ከመጠኑ ሲያንስ ይከፍላል። የካሪቢያን አገሮች እ.ኤ.አ. በ2007 ያቋቋሙት የጋራ የአደጋ መድንም በነፋስና በመንቀጥቀጥ ልክ ይከፍላል፤ ሄይቲ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ከደረሰባት መንቀጥቀጥ በኋላ 8 ሚሊዮን ገደማ ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ አግኝታለች። ይህ አከፋፈል ጉዳት የደረሰበትን ሊዘልል፣ ያልደረሰበትን ሊክስ ይችላል። ቢሆንም ለሰፈር አቀፍ አደጋ የመጀመሪያ ድጋፍ የሚሆን ገንዘብ ሳይዘገይ ያደርሳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የድህነት ነው፤ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ለወርኃዊ ዕድርና ለጤና መድን የሚከፍል ቤተሰብ ትንሽ አረቦን ሊከፍል ይችላል። ፈጽሞ ለማይችለው ደግሞ የጤና መድኑ መንገድ አሳይቷል፤ የድሃ ድሃ ተብለው የተለዩትን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። በከተማው አስተዳደር ይዞታ ሥር ባሉ የቀበሌ ቤቶች ላይ የሚደርሰውን አደጋ መድን ማስገባትም የባለንብረቱ ድርሻ እንጂ የተከራዩ ሸክም ሊሆን አይገባም።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ለአነስተኛ የቤት መድን ዕድር የውሉ ባለቤት ይሁን። መንሸራተት፣ ጎርፍና መደርመስ በስማቸው ውሉ ላይ ይጻፉ። አደጋው ሰፈር አቀፍ በሆነ ጊዜ የ5 ቀኑ ማስታወቂያ በዕድሩ ወይም በወረዳው በኩል በአንድ ደብዳቤ ለሁሉም ይፈጸም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንዱ ወገን አስቀድሞ ባዘጋጀው ውል ውስጥ ያለ አጠራጣሪ ቃል ባዘጋጀው ላይ እንዲተረጎም ያዛል፤ ተጠቃሚው ይህን መብቱን የሚጠይቅበት ፈጣንና ነጻ የአቤቱታ መስኮት ይኑረው። ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን የፋይናንስ ተገልጋዮች ጥበቃ መመሪያ መሠረት አድርጎ፣ እያንዳንዱ ድርጅት በዓመት ስንት የቤት ካሳ ጥያቄ እንደቀረበለት፣ ስንቱን እንደከፈለ፣ ስንቱን በምን ምክንያት እንደመለሰና በስንት ቀን እንደጨረሰ ለሕዝብ እንዲያወጣ ያድርግ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይቀድማል። አረቦን ምን ያህል እንደተሰበሰበ በየዓመቱ ይነገረናል፤ የቤት ካሳ እንዴት እንደተስተናገደ ግን ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት አይቶ ሊያወዳድር አይችልም። ይህ ሰንጠረዥ ከወጣና ጥሩ ከሆነ፣ ከየትኛውም የራዲዮ ማስታወቂያ የበለጠ ግንዛቤ ይፈጥራል። መጥፎ ከሆነም፣ የዘነበወርቅ ሰው ገንዘቡን ለዕድሩ ማዋጣቱ ትክክል ነበር ማለት ነው።